ሃሎ፣ ማን ልበል?

ስልክ ሳይነሣ ማን እንደደወለ የማይታወቅበት ዘመን ነበር። ደወሉ ሲጮኽ ቤቱ በሙሉ ይነቃል። እናት ከጓዳ ጆሮዋን ታቀናለች፤ አባት ራዲዮውን ዝቅ ያደርጋል፤ ልጆች ቀድመው ለማንሣት ይሽቀዳደማሉ። የደወለው የአጎት ልጅ ሊሆን ይችላል፤ የመሥሪያ ቤት አለቃ ሊሆን ይችላል፤ ከክፍለ ሀገር የመጣ ክፉ ወሬም ሆነ ቁጥር የተሳሳተ ሰው ሊሆን ይችላል። ስልኩን ያነሣ ሰው ለማያውቀው ሰው የሚናገራት አንዲት ቃል ነበረችው፤ «ሃሎ»። ተከትላ የምትመጣውም የታወቀች ናት፤ «ማን ልበል?»

በሰፈራችን ስልክ ያስገቡ ቤቶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ጥቁሩ ባለማዞሪያ ስልክ ሳሎን ውስጥ፣ ለብቻው በተሰጠው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ የቤቱ እመቤት በኪሮሽ የሠራችው ዳንቴል ይለብሳል። ሂሳብ እንዳይንር ማዞሪያው ላይ ትንሽ ቁልፍ የሚያንጠለጥሉም ነበሩ። ቁልፉ መደወልን ይከለክላል እንጂ የመጣን ጥሪ አይመልስም። የባለስልኩ ቁጥር የሰፈሩ ሁሉ ቁጥር ነበር። ቅጽ ሲሞላም ሆነ ውጭ አገር ላለ ዘመድ ደብዳቤ ሲጻፍ የጎረቤት ስልክ ይሰጣል። ጥሪ ሲመጣ የቤቱ ልጅ አጥር ላይ ተንጠላጥሎ «ስልክ ተደውሎልሻል!» ብሎ ይጣራል። የተጠራችው ሊጥ የነካ እጇን እየጠራረገች፣ ነጠላዋን እያጣፋች ትሮጣለች። እሷ እስክትደርስ ባለስልኳ መስመሩን ዝም ብላ አትተወውም። የማታውቀውን ደዋይ እንዴት ሰነበቱ ትላለች፤ ስለ ልጆቹ ትጠይቃለች፤ ስለ አገሩ ዝናብ ትጠይቃለች። በዚያች አጭር ጊዜ ሁለት ባዕዶች ይተዋወቃሉ።

ዛሬ ስልክ የሳሎን ዕቃ አይደለም። በየኪሱ፣ በየቦርሳው፣ በየትራሱ ሥር አለ። ሲጠራ የደዋዩን ስም፣ አንዳንዴም ፎቶውን ያሳያል። ባለቤቱ ሊያነሣው ይችላል፤ ሊዘጋው ይችላል፤ ድምፁን አጥፍቶ ጥሪው እስኪያበቃ ሊጠብቅም ይችላል። የተመዘገበ ስም ከሆነ «ሃሎ» አያስፈልግም፤ «የት ደረስክ?» ተብሎ ይጀመራል። ያልተመዘገበ ቁጥር ከሆነ ብዙ ጊዜ አይነሣም። «ማን ልበል?» የሚል ልጅ ከሰማሁ ቆይቻለሁ። ጥያቄው መልሱን ስክሪኑ ላይ እያገኘ ከአፍ ወጥቷል።

«ሃሎ» የሚለው ቃል ስልክ ከመፈጠሩ በፊት ሌላ ኑሮ ነበረው። እንግሊዞች «ሆላ»፣ «ሆሎ»፣ «ሃሉ»፣ «ሃሎ» እያሉ በብዙ መልክ ለዘመናት ሲጮኹት ኖረዋል። አዳኝ ውሾቹን ያነሣሣበታል፤ መንገደኛ ራቅ ያለን ሰው ያስቆምበታል። የቃላትን ዘር የሚመረምሩ ሊቃውንት ከጥንታዊ ጀርመንኛ ጋር ያዛምዱታል፤ በወንዝ ዳር የቆመ ሰው ማዶ ያለውን ባለጀልባ «ናና አሻግረኝ» ብሎ የሚጣራበት ጩኸት ነበር ይላሉ። ዛሬ የምናውቀው «ሄሎ» የሚለው አጻጻፍ በአሜሪካ ጋዜጦች መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ ነው። ያን ጊዜም ቢሆን ሰው ለመጥራትና ለመደነቅ እንጂ ለሰላምታ የሚውል ቃል አልነበረም። ለሰላምታ «መልካም ጠዋት» እና «መልካም ቀን» ነበሯቸው። የመሰናበቻ ቃላቸው «ጉድባይ»ም «እግዚአብሔር ከአንተ ጋር ይሁን» ከሚል ምርቃት አጥሮ የተገኘ ነው።

በደጋ ያደገ ሰው ያንን የወንዝ ዳር ጩኸት ለመረዳት አይቸገርም። በክረምት ዕረፍት ከአያቴ ዘንድ ስሄድ፣ አመሻሹ ላይ ከማዶው ሸንተረር የሚመጣ ድምፅ ነበር። «እገሌ ሆይ!» ይላል፤ የመጨረሻውን ፊደል ሸለቆው እስኪመልሰው እየሳበ። ከወዲህ በኩል «ወይ!» ይባላል፤ የጠራው ታላቅ ከሆነ «አቤት!» ይባላል። ከዚያ ወሬው ይመጣል፤ የጠፋች በግ፣ ለነገ የታሰበ ደቦ፣ አንዳንዴም የሞተ ሰው። ድምፁ ለአንድ ሰው ቢላክም አገር ይሰማዋል። አያቴ የእርሷ ስም ባይጠራም ሥራዋን አቁማ ታዳምጥ ነበር፤ የሰው ድምፅ አየር ላይ ሳለ መንቀሳቀስ ነውር ይመስላታል።

አሁን በዚያው ሸንተረር ላይ የስልክ ማማ ቆሟል። እረኛው ስልክ አንግቷል። የጠፋችው በግ በስልክ ትፈለጋለች፤ የሟቹ ስም በደቂቃ ውስጥ አዲስ አበባ ይደርሳል። ወደ ከተማ የምትወሰድ ወላድ መኪና ተጠርቶላት በሕይወት ትደርሳለች። ይህን ትርፍ አቃልሎ የሚያይ ሰው በቃሬዛ የተሸከሙትን ወገኖቹን ያልረሳ ሊሆን አይችልም። ማዶ ለማዶ የሚጣራው ድምፅ ግን ቀርቷል። መልእክቱ ለተላከለት ሰው ብቻ ይደርሳል፤ ጎረቤቱም ስለማይሰማ አይነሣም።

ያ የወንዝ ዳር ጩኸት ወደ ስልክ የገባበት ታሪክ በአንድ ችግር ይጀምራል። አሌክሳንደር ግርሃም ቤል የስልክ ፈጠራ መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. ማርች 7 ቀን 1876 ነው። በመጀመሪያዎቹ ጊዜያት መስመሩ ሁለት ክፍሎችን እያገናኘ ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ ይውል ነበር፤ ደወል አልነበረውም። ታዲያ ከወዲያ ጫፍ ያለው ሰው እንደሚፈለግ በምን ይወቅ? ቤል ባሕረኞች ከመርከብ ወደ መርከብ የሚጣሩበትን «አሆይ» መረጠ፤ ዕድሜውን ሙሉም አልተወውም። ቶማስ ኤዲሰን ደግሞ እ.ኤ.አ. ኦገስት 15 ቀን 1877 በፒትስበርግ ለሚገኝ የቴሌግራፍ ኩባንያ ኃላፊ ደብዳቤ ጻፈ። የመጥሪያ ደወል አያስፈልግም፣ «ሄሎ» ብሎ መጮኽ ከ10 እስከ 20 ጫማ ርቀት ይሰማል የሚል ነበር ሐሳቡ። ይህም በሜትር ከ3 እስከ 6 ይሆናል። ኤዲሰን ራሱ ጆሮው በደንብ አይሰማም ነበር። የቤል እናትና ሚስት ደግሞ መስማት የተሳናቸው ነበሩ። የሰውን ድምፅ አርቀው ለማድረስ የደከሙት ሁለቱም ሰዎች ዝምታን ከቅርብ የሚያውቁ መሆናቸው ሁልጊዜ ልቤን ይነካዋል።

የኤዲሰን ቃል አሸነፈ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1878 በኮኔቲከት ግዛት በኒው ሄቨን ከተማ ለንግድ የዋለው የመጀመሪያው የስልክ ማዞሪያ ጣቢያ ተከፈተ። በቀጣዩ ወር የወጣው የመጀመሪያው የደንበኞች ዝርዝር አንዲት ገጽ ነበር፤ ወደ 50 የሚጠጉ ተመዝጋቢዎች ያሉባት፣ ቁጥር የሌላት። በዚያው ዓመት ለደንበኞች የወጣው መመሪያ ንግግር በ«ሃሎ» እንዲከፈት፣ «ይኸው ነው» በሚል ቃል እንዲዘጋ ያዝዛል። ሁለተኛው ትእዛዝ ተረሳ፤ የመጀመሪያው ዓለምን ዞረ። ለጨዋ ጆሮ የሻከረ ጩኸት ነው ብለው የተቃወሙትም ነበሩ። ቃሉ ግን ከስልኩ ወጥቶ መንገድ ላይ ወረደ፤ ፊት ለፊት የሚገናኙ ሰዎች የሚለዋወጡት ሰላምታ ሆነ።

ቃሉ የስልክ ቃል በሆነበት አገር ዛሬ የሚሆነውን ሳይ ቅንድቤ ይነሣል። ፒው የተባለው የጥናት ማእከል እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካውያንን ጠይቆ ነበር። ከ10 ሰዎች 8ቱ ከማያውቁት ቁጥር ሲደወልላቸው በአብዛኛው እንደማያነሡ ተናገሩ። ምክንያታቸው ግልጽ ነው። በማሽን የሚደወል የሽያጭ ጥሪና የአጭበርባሪዎች ጥሪ ሰውን አሰልችቷል። በእኛም አገር ዕጣ ወጣልህ፣ ገንዘብ በስሕተት ገባልህ እያለ የሰው ላብ የሚዘርፍ ደዋይ አለ። «ሃሎ» ተብሎ መልስ የማይሰጥ፣ ትንሽ ቆይቶ የሚዘጋ መስመርም አለ። ስለዚህ ሰዎች በራቸውን ቢዘጉ አይፈረድባቸውም። ለማያውቁት ሰው የተፈጠረው ቃል ግን ለሚያውቁት ሰው ብቻ የሚነገር ሆኗል።

በሁለቱ «ሃሎ»ዎች መካከል ለረጅም ጊዜ የቆሙ ሴቶች ነበሩ። በአሜሪካ የማዞሪያ ጣቢያዎች በመጀመሪያ የተቀጠሩት ወንዶች ልጆች ደንበኛ ሲሳደቡና ሲቀልዱ ስላስቸገሩ፣ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 1 ቀን 1878 በቦስተን ኤማ ነት የመጀመሪያዋ ሴት የስልክ ኦፕሬተር ሆና ሥራ ጀመረች። ብዙ ሳይቆይ ማዞሪያው የሴቶች ሙያ ሆነ፤ ሕዝቡም «የሄሎ ልጃገረዶች» ይላቸው ጀመር። ማርክ ትዌይን እ.ኤ.አ. በ1889 ባሳተመው ልብ ወለድ ውስጥ አንዲት ሕፃን «ሄሎ ሴንትራል» የሚል ስም ወጥቶላታል፤ አባትየው ማዞሪያ ጣቢያውን ሲጠራ ይለው የነበረ ቃል ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ የሚናገሩ ከ200 በላይ ሴቶች ከአሜሪካ ጦር ጋር ወደ ፈረንሳይ ተልከው የጦር ግንባሩን ስልክ አገናኝተዋል። ሲመለሱ ወታደር አይደላችሁም ተባሉ። የጦር አርበኛነታቸው በሕግ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው፤ ያን ጊዜ አብዛኞቹ ሞተው ነበር።

እኔም የማውቃቸው እንዲህ ያሉ ድምፆች ነበሩ። በአያቴ ወረዳ ከተማ የነበረው የስልክ ቢሮ አንድ ባንኮኒ፣ አንድ ረጅም የእንጨት አግዳሚና ሁለት የመነጋገሪያ ክፍሎች ነበሩት። ሰው የሚፈልገውን ቁጥር አስመዝግቦ አግዳሚው ላይ ይቀመጣል። ኦፕሬተሯ «ሃሎ ደሴ፣ ሃሎ ደሴ» እያለች ትጣራለች፤ ከደሴ ሌላዋ ትመልሳለች፤ አዲስ አበባ እስኪገኝ ድምፅ ለድምፅ ይቀባበላሉ። መስመር ሲገኝ የባለጉዳዩ ስም ይጠራል። የኦፕሬተሯን ፊት የማያውቅ የከተማው ሰው አልነበረም። ከሩቅ ጥሪ የመጣለት ሰው እቤቱ ድረስ ወረቀት ይላክለታል፤ ወረቀት ይዞ የሚመጣው መልእክተኛ ሲታይ የባለቤቱ ልብ ይመታል። ክፉ ወሬ የያዘ ጥሪ ሲመጣ፣ አዛውንቱ ብቻቸውን ወደ ክፍሉ እንዳይገቡ ሰው አብሯቸው እንዲቆም የምታደርገው እርሷ ነበረች። ይህን በሥራ መዘርዝሯ ላይ የጻፈላት የለም።

ዛሬ መስመር የሚያገናኝ ሰው የለም። ሰው የሚፈልገው ሲያጣ የተቀዳ ድምፅ ያነጋግረዋል፤ አንድን ይጫኑ፣ ሁለትን ይጫኑ ይለዋል። ድምፁ ለስላሳ ነው፤ አይቆጣም፤ አይደክምም። ያለቀሰውንና የሳቀውን በአንድ ዜማ ያስተናግዳል። በሌላ በኩል ሦስተኛው ጆሮ ከመሀል ወጥቷል። ድሮ በመስመር የማይነገር ብዙ ነገር ነበር። በሽታው ለኦፕሬተሯም እንዳይሰማ በሌላ ስም ይጠራል፤ የቤት ጉዳይ በቅኔ ይነገራል። ባልና ሚስት ዛሬ ያለ ሦስተኛ ሰው ይነጋገራሉ። ሐኪም ለታማሚው የምርመራ ውጤቱን በግል ይነግረዋል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ስልክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። አዲስ አበባን ከሐረር የሚያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር መስመር ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1894 ነው፤ ቤል መብቱን ካገኘ ገና 18 ዓመት ሆኖታል። ገላ የሌለው ድምፅ ቤተ መንግሥት ውስጥ ሲሰማ የደነገጡ ካህናት እንደነበሩ ይተረካል። ድንጋጤያቸውን ያልገባቸው ሰዎች ድንጋጤ አድርጌ አላየውም። በአማርኛ ሰላም ለማለት ብዙ ጊዜ ሰውየውን ማወቅ ግድ ነው። ወንድ ከሆነ «እንዴት ዋልክ»፣ ሴት ከሆነች «እንዴት ዋልሽ»፣ ብዙ ከሆኑ «እንዴት ዋላችሁ»፣ ታላቅ ከሆኑ «እንዴት ዋሉ» ይባላል። ጠዋት ከሆነ «አደሩ»፣ ማታ ከሆነ «አመሹ»፣ ቀናት ካለፉ «ሰነበቱ»፣ ወራት ካለፉ «ከረሙ» ይሆናል። ከሽቦ የሚመጣ ድምፅ ግን ዕድሜውን፣ ማዕረጉን፣ አንዳንዴም ጾታውን ይደብቃል። ማንነቱ ያልታወቀን ሰው በአማርኛ በወጉ ሰላም ማለት ይከብድ ነበር።

በዚያ ክፍተት ላይ «ሃሎ» ገባች። ፈረንሳይኛ የቀመሱት ትልልቆቹ «አሎ» ይሉ ነበር፤ ፈረንሳዮች ቃሏን ለስልክ ብቻ እንደሚያውሏት እነርሱም ለስልክ ብቻ አዋሏት። ጣሊያኖች «ፕሮንቶ» ይላሉ፣ ዝግጁ ነኝ ለማለት፤ ጃፓኖች «ሞሺ ሞሺ» ይላሉ። እኛ ዘንድ «ሃሎ» የሰላምታችንን ቦታ አልወሰደችም። ደጃፍ ላይ ቆማ እንግዳው ማን እንደሆነ ታጣራለች፤ ስሙ ሲታወቅ መንገዱን ትለቅለታለች። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የአገር ነው። «ጋሼ! እንደምን ሰነበቱ? እትዬስ? ልጆቹስ? እግዚአብሔር ይመስገን።» አባቴ ስልክ ሲያነሣ ሃሎ ያለበት ድምፅ ደረቅና ቀጥ ያለ ነበር፤ ደዋዩን ሲያውቀው ግን ድምፁ በአንድ ጊዜ ይሞቃል። ያንን መሞቅ ሰምተን ማን እንደደወለ ከጎን ሆነን እንገምት ነበር።

ከዘመኑ ያልጠበቅኩት ትርፍ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ስሙ ስክሪኑ ላይ ስለሚታይ ደጃፍ ላይ መቆም ቀረ፤ ሰው በቀጥታ ወደ ቤቱ ቋንቋ ይገባል። ልጅ የእናቱን ስም አይቶ «እማዬ!» ብሎ ያነሣል። ታናሽ ታላቁን «አቤት» ይላል። ጓደኛ ለጓደኛው «ወዬ» ይላል። ያ ከሸንተረር ወደ ሸንተረር ይመለስ የነበረው «ወይ» እና «አቤት» ስልክ ውስጥ ገብቶ ዳግም ይሰማል። መሣሪያው ከመቶ ዓመት በላይ ከአፋችን ያዘገየብንን ጥሪ ራሱ መልሶልናል። እንዲህ ያለውን መመለስ ማንም አላቀደውም፤ እኔ ግን ደስ ይለኛል።

የጠፋው ደግሞ በቤተሰቡ በኩል የሚያልፈው መንገድ ነው። ድሮ ጓደኛን ለማግኘት አባቱን ማለፍ ይገባ ነበር። «ሃሎ፣ ማን ልበል?» ሲባል ጉሮሮን ጠርጎ ስምን መናገር፣ ጤና ይስጥልኝ ማለት፣ የቤቱን ደኅንነት መጠየቅ፣ ከዚያ በኋላ «እገሌ ካለ?» ማለት ነበር ሥርዓቱ። ወጣት ወንድ የወደዳትን ልጅ ለማግኘት እህቱን ያስደውል ነበር፤ አባትየው ካነሣ ብዙው ይዘጋዋል። ደፍሮ ስሙን የሚናገረውን አባትየው ያስታውሰዋል። በዚህ መንገድ የልጆቹን ጓደኞች ድምፅ የማያውቅ ቤት አልነበረም። አባቴ ፊታቸውን አይቶ የማያውቃቸውን የክፍል ጓደኞቼን ድምፅ ለይቶ ያውቅ ነበር፤ ፈተና እንዴት ነበር ብሎም ይጠይቃቸዋል።

ዛሬ እያንዳንዱ ልጅ የራሱ መስመር አለው። ወላጅ የልጁን ጓደኞች በስም እንኳ ላያውቅ ይችላል። ሴት ልጅ የፈለገችውን ሰው ያለ አባቷ ፈቃድ ማነጋገር መቻሏ ትልቅ ነፃነት ነው፤ ያንን መንገድ ጨቋኝ ሆኖ ያገኙት እኅቶቻችን ብዙ ናቸው፤ እነርሱን ወደዚያ መመለስ አልሻም። ነገር ግን ልጅ ለባዕድ ሽማግሌ ስሙን አቃንቶ መናገር የሚማርበት ቦታ አብሮ ሄዷል። ወጣቶች ከማያውቁት ሰው ጋር በድምፅ መነጋገር እንደሚያስጨንቃቸው ሲናገሩ እሰማለሁ፤ ከመደወል መጻፍ ይቀላቸዋል። ቴሌግራም ላይ «ሃይ» ይጻፋል፤ መልሱም «ሃይ» ነው። ሦስት ቀን ይቆያል፤ እንደገና «ሃይ» ይጻፋል። ሰላምታው አለ፤ የጤናው ጥያቄ የለም።

የሩቅ አገር ጥሪ ሌላ ዓለም ነበር። ከአሜሪካ ወይም ከጣሊያን የሚደወልበት ቀን በደብዳቤ አስቀድሞ ይነገራል፤ ቤተ ዘመድ በስልኩ ዙሪያ ይሰበሰባል። ድምፁ ይዘገያል፤ ሁለቱም ወገን በአንድ ጊዜ «ሃሎ» ይላሉ፤ በአንድ ጊዜ ዝም ይላሉ። ደቂቃው ውድ ስለነበር ብዙው ገንዘብ የሚያልቀው በሰላምታ ነው። «እንደምን ከረምሽ? እኛ ደኅና ነን፤ እገሌም ደኅና ነው፤ እገሊትም ደኅና ናት» እየተባለ ስም ሲዘረዝሩ ጊዜው ያልቅና መስመሩ ይቋረጣል። አንድም ቁም ነገር አልተነገረም የሚል ግን አልነበረም። እናት ለሳምንት ያህል «ድምፁ ደኅና ነው» እያለች ትውላለች። ድምፁን መስማት ራሱ ቁም ነገሩ ነበር።

አሁን በዋሽንግተንና በቴል አቪቭ፣ በፍራንክፈርትና በዱባይ ያሉ ልጆች በኢሞና በዋትስአፕ ፊታቸውን እያሳዩ ይደውላሉ። አያት ያላቀፈቻትን የልጅ ልጇን ስትስቅ ታያለች፤ ሠርግና ለቅሶ ሳይቀር በስክሪን ይታደማሉ። የድሮው ሰው ይህን ቢሰማ ተአምር ይለው ነበር፤ እኔም ተአምር እለዋለሁ። ንግግሩ ግን ተቀይሯል። «ይሰማል? ይታያል? ካሜራውን አዙሪው፤ ኔትወርክ ነው» እየተባለ ጊዜው ያልፋል። ነፃ በመሆኑ ነገ ይደወላል ይባላል፤ ነገ በመሆኑም ዛሬ ይዘለላል። ውድ የነበረው ደቂቃ ያስጨነቀንን ያህል ያስታውሰን ነበር።

ሁለቱን ዘመን በሚዛን ሳስቀምጥ ትርፉ እንደሚበልጥ አምናለሁ። ወላዷ ከሞተችበት ቃሬዛ፣ ለመርዶ ከሚያርበደብደው ወረቀት፣ ልጅን ለዓመታት ሳያዩ ከመቆየት ወደዚህ መምጣታችን ትልቅ ነገር ነው። ከጠፋው ውስጥ ግን አንዱን እንዲሁ ልተወው አልወድም፤ እርሱም ለማናውቀው ሰው ጆሮ መስጠት ነው። ባለጀልባው ማዶ የሚጮኸው ማን እንደሆነ ሳያውቅ መቅዘፊያውን ያነሣ ነበር። የሰፈራችን ባለስልክ ማን እንደደወለ ሳታውቅ ስለ ልጆቹ ትጠይቅ ነበር። የወረዳዋ ኦፕሬተር መርዶው የማን እንደሆነ ሳትመርጥ ሰው አጠገቡ ታቆም ነበር።

ይህን ሥርዓት ዛሬም ሳያጓድሉ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ፤ ልጆቻቸው በሰው አገር በቤት ሠራተኝነት የተሰማሩባቸው እናቶች ናቸው። ከቤሩት፣ ከሪያድ፣ ከኩዌት የምትደውል ልጅ ብዙ ጊዜ የራሷ ቁጥር የላትም። በአሠሪዋ ስልክ፣ ከጓደኛ በተዋሰችው፣ ትናንት በገዛችው ሲም ካርድ ትደውላለች። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ረጅም፣ የማይታወቅ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ቁጥር ነው። እነዚህ እናቶች እንዲህ ያለውን ቁጥር አይንቁም። ሌሊትም ቢሆን ያነሡታል፤ «ሃሎ፣ ማን ልበል?» ይላሉ። አጭበርባሪም ያገኛቸዋል፤ ቁጥር የተሳሳተም ያገኛቸዋል፤ ከእነዚያ ሁሉ መካከል አንዱ ጥሪ የልጃቸው እንደሚሆን ያውቃሉ።

ለልጆቻችን ከአጭበርባሪ መጠንቀቅን ማስተማር ተገቢ ነው፤ ገንዘብና የምሥጢር ቁጥር የሚጠይቅን ሰው ወዲያው ዘግተው ይሂዱ። ነገር ግን ስልክ ማንሣትን፣ ስማቸውን አቃንተው መናገርን፣ የደወለው ማን እንደሆነ በትህትና መጠየቅን አብረን እናስተምራቸው። አጭበርባሪው የሚወስድብን አንድ ደቂቃ ነው። ያላነሣነው ጥሪ የተቸገረ ሰው ጥሪ ከሆነ ግን የሚጠፋውን መልሰን አናገኘውም። የማይታወቅ ቁጥር ሲደውል ከቤቱ አንድ ሰው ይነሣና «ሃሎ» ይበል።